የውሉ አራተኛ ገጽ

የጎልማሶች ትምህርት መምህሯ የሰጠችው የቤት ሥራ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ የታተመ ወረቀት ይዞ ይመጣና አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ዘበኛው የቴሌቪዥን መመሪያ ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊዋ የሳል መድኃኒት ወረቀት አመጣች፤ ፊደሉ ከሰናፍጭ ያነሰ ስለነበር ግን ሦስት መስመር ሳትገፋ ዓይኗን እያሸች ተቀመጠች። እትዬ ስጋት ደግሞ የልጇን የኢንሹራንስ ውል ይዛ መጣች።

እትዬ ስጋት የሚለውን ስም ያወጣላት ክፍሉ ነው። ሰማይ ሲጠቁር ጎርፍ፣ ስልክ ሲጮኽ መርዶ ይታያታል። አንድ ቀን መምህሯ አምስት ደቂቃ ብትዘገይ፣ ሆስፒታል ሄደን እንፈልጋት ብላ ክፍሉን ልታስነሳ ነበር። በስሙ አልተቀየመችም፤ እውነት ነዋ።

ውሉን የመረጠችው ፊደሉ ጎላ ጎላ ያለ ስለሆነ ነው። ደግሞም የልጇን ሥራ የነካ ወረቀት ስትይዝ ልቧ ሞቅ ይላታል። ልጇ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሶፍትዌር ድርጅት ከፍቷል። ከስምንት ወር በፊት ይህን ኢንሹራንስ ሲገቡ፣ የቤት ኢንሹራንስ የራስሽ ቤት ሲቃጠል ነው፣ ይሄኛው ግን የእኛ ሥራ ተበላሽቶ ሌላ ሰው ሲጎዳ ነው ብሎ አስረድቷት ነበር። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ይሉታል። የአውቶቡስ ድርጅቱ ያለ እሱ ሥራ አልሰጥም ስላለ ገዙት፤ ፈረሙና መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ሰኞ ዕለት እነሱ የሠሩት የትኬት መሸጫ ፕሮግራም አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ሸጠ። አንድ ወንበር ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የስድስት አውቶቡስ ወንበር በሙሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቁጥር ተናነቁ፣ ሻንጣ በመስኮት ገባ፣ አንዱ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ሄደ። ልጇ ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም። ኢንሹራንሱ ትዝ ያለው ጓደኛው ቢኖርም፣ እሱ ፍርድ ቤት ስንቆም ነው የሚያስፈልገው ተባባሉና ተዉት። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት እናትየው ከጎኑ ተቀምጣ መከረችው። ሰው ሳያወጣብህ አንተው አውጣው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የደረሰባችሁን እንክሳለን ብለህ ለአውቶቡስ ድርጅቱ በደብዳቤ ስጣቸው አለችው። እሱም ጻፈ። ሸሚዙን ተኩሳ፣ ኮሌታውን አስተካክላ ሸኘችው። ከዚያ ቀለል ብሏት ወደ ክፍሏ መጣች።

ሦስት ገጽ ቤቷ ተለማምዳ ጨርሳለች። ለክፍሉ ያስቀረችው አራተኛውን ነው። ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ ጀመረች።

«መድን የገባው ወገን፣ ኩባንያው በጽሑፍ ሳይስማማ፣ ጥፋተኝነቱን… ማመን፣ ወይም ካሳ ለመክፈል ቃል መግባት… የለበትም።»

መምህሯ ጎሽ አለቻት። ዘበኛው ግን እጁን አወጣ። «ይሄ እኮ ዋሽ ማለት ነው» አለ።

«አንተ ደግሞ፤ ከፋዩ ማን ሆነና ነው?» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «እነሱን ሳትጠይቅ እከፍላለሁ ብትል በሰው ኪስ ቃል መግባት አይደል?»

ክፍሉ ሳቀ። እትዬ ስጋት አልሳቀችም። ጣቷ ወደ ቀጣዩ መስመር ሄዶ ነበር፤ አነበበችው፣ እንደገና አነበበችው። ይህን ያደረገ እንደሆነ ኩባንያው ላለመክፈል መብት አለው ይላል። ቃሉ አንድ በአንድ ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ያልሆነ ነገር ስትፈራ ኖራ፣ የሆነውን ግን በገዛ እጇ ተኩሳና አስተካክላ ሸኝታዋለች።

ደወለችለት። ስልኩ ተዘግቷል። ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለክፍሉ ተናገረች፤ መምህሯ ቦርሳዋን አንስታ ሰጠቻት፣ ዘበኛው ቀድሞ ወጥቶ ታክሲ አስቆመላት። ጠዋት ጉልበቷን እያመማት ስትራመድ የነበረች ሴት አሁን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ታክሲው ውስጥ የውሉን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ የኩባንያውን ስልክ ቁጥር ራሷ አነበበች፣ ራሷ መታች። አንዲት የካሳ ክፍል ሠራተኛ አነሳች። እትዬ ስጋት ከወንበሩ ጀምራ እስከ ደብዳቤው በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችላት። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ቀንሶ ያዳምጣል።

«እውነት ተናገር ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ» አለቻት በመጨረሻ። «አሁን ደግሞ ሄጄ ዋሽ ልበለው?»

«አይዋሽ፣ እናቴ። የሆነውን ሁሉ ይንገራቸው። ስለተጉላሉት ሰዎች ማዘኑንም ይናገር፣ እሱን ማንም አይከለክለውም። ጥፋቱ የማን ነው፣ ማን ይክፈል የሚለውን ብቻ ለእኛ ይተው። ምክንያቱ ገና አልተጣራማ። ነገ ጠዋት ሰው እንልካለን። እናንተም ዛሬ ቢሯችን ከመዘጋቱ በፊት የሆነውን በጽሑፍ አምጡልን። ደብዳቤውን ግን አልሰጠም አይደል?»

እትዬ ስጋት አላውቅም አለች። ሹፌሩ ማንም ሳይነግረው ፍጥነቱን ጨመረ።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጇ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ በጉልበቶቹ መሃል፣ ጥርሱን ሊያስነቅል ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። እናቱን ሲያያት ማን ሞተ ብሎ ተነሳ። ማንም አልሞተም፣ ደብዳቤው የት አለ አለችው። በአገጩ ወደ ጸሐፊዋ ጠቆማት። ፖስታው ተከፍቷል፤ ደብዳቤው ከማህተሙ ሥር ተዘርግቶ፣ ጸሐፊዋ መዝገቡ ላይ ቁጥር እየፈለገች ነው።

«ልጄ፣ እባክሽ አንዴ» አለች እትዬ ስጋት፣ እጇን ማህተሙና ወረቀቱ መሃል አስገብታ። «እሱ ደብዳቤ ልክ ያልሆነ ነገር አለበት። አስተካክሎ ይስጥሽ።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። ገቢ የሆነ ደብዳቤ አይመለስም አለች። ገቢ ሆኗል ወይ ስትባል መዝገቡን አየች፣ ማህተሙን አየች፣ ገና ነው አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ምኑ ነው ልክ ያልሆነው ብላ ጠየቀች። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ጽፏል አለቻት እትዬ ስጋት።

«እና ስህተቱን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አንብቤ።»

ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ወረቀቱን መለሰችላት። እትዬ ስጋት ልጇን ወደ መስኮቱ ጎትታ አራተኛውን ገጽ አስያዘችው። እሱ በአንድ እይታ ጨረሰው፤ ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። ሠራተኛዋ ያለችውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ሁለቴ አስደገማት። ተጠሩ።

ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት የጀመረው ቁጣ አልበረደለትም። ቆሞ ነው የተቀበላቸው። ልጁ የሆነውን ከሥር ከመሠረቱ ነገረው፤ ስንት ወንበር፣ በየትኛው ሰዓት፣ ሽያጩን ለማስቆም ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ያኔ ሳይደውል አርባ ደቂቃ መቆየቱን እንኳ አልደበቀም። እናትየው በየዓረፍተ ነገሩ ትንፋሿን ትይዛለች።

«ይሄን ሁሉ ሰማሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ጥፋቱ የማን ነው?»

ልጁ እናቱን አላያትም። «እሱን ገና አላውቅም» አለ። «አንደኛው የትኬት ቢሮ ውስጥ አሮጌው ፕሮግራም ከአዲሱ ጎን ሲሸጥ አግኝተናል። እኛ ሳንዘጋው ቀርተን ይሁን፣ ከእናንተ ወገን ሰው መልሶ ከፍቶት ይሁን፣ መዝገቡ ይታይ። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ አለን፣ ነገ ጠዋት አጣሪ ይልካሉ። እኛ ደግሞ ዛሬውኑ ሰው በየቢሮው እናስቀምጣለን፤ ድጋሚ እንዳይሸጥ።»

እትዬ ስጋት ዝም ማለት አትችልም። ቆመው ለተጓዙት ሰዎች በጣም አዝነናል አለችው፤ በተለይ ለሽማግሌዎቹ።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እውነተኛ ኢንሹራንስ አላችሁ?» አለ። «የውል ክፍሉ ሲጠይቃችሁ ፋይል ማሟያ መስሎኝ ነበር። ጠበቃዬ ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ሦስት ልጅና ሦስት ላፕቶፕ ከስሰህ ምን ልታገኝ ነው አለኝ።» ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። ከዚያ ስልክ አንስቶ፣ የየቢሮው የሽያጭ መዝገብ እስከ ስምንት ሰዓት ለእነዚህ ልጆች ይሰጥ፣ ማንም እንዳይነካካው ብሎ አዘዘ። ለልጁም እጁን ዘረጋለት።

ኮሪደሩ ላይ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እየሳቀ ነው ወይስ እያለቀሰ ለመለየት ያስቸግራል።

«እማዬ፣ ጠዋት አንቺ ነሽ ጥፋቱን እመን ያልሽኝ።»

«እና አሁን ዋሸህ?»

አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ያለውን ሁሉ ተናገርኩ።»

«እኔም ሰማሁህ» አለች። ጠዋት ከሸኘችው ጀምሮ አሁን ነው ደረቷ የተከፈተላት። ጥፋተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይገኝ። ብቻውን ግን አይደለም፣ እውነቱንም በአፉ ተናግሯል። ለጊዜው የምትፈራው ነገር ፈልጋ አጣች፤ ይህም ራሱ ትንሽ አሳሰባት።

ለኢንሹራንሱ የሚጻፈው አልተጻፈም፣ ቢሮውም ይዘጋል፤ ስለዚህ ደረጃውን ተያይዘው ወረዱ። ታክሲ ውስጥ ልጁ ውሉን ከእጇ ሊወስድ ሞከረ፤ የቀረውን በሁለት ደቂቃ ልጨርሰው አላት።

«ስምንት ወር ሙሉ መሳቢያህ ውስጥ ነበር» አለችው፣ እጁን መታ አድርጋ። «አንተ ደብዳቤውን ጻፍ።»

ከዚያም አምስተኛውን ገጽ ገልጣ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስቀመጠች።