የሰኚ አባት

በዳዳ ሰው አይጠይቅም። አመሉ ነው። መንገድ ቢጠፋው እንኳ ጥግ ላይ ቆመው የሚያወሩትን ሰዎች አልፎ ይሄዳል፤ ራሱ ይሳሳታል፣ ራሱ ይመለሳል፣ ራሱ ያገኘዋል። ለሯጭ ደግ አመል ሊሆን ይችላል። ለአባት ግን እንደማይሆን ዘንድሮ ታየ።

ነገሩ የተጀመረው በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ነው። አሰልጣኝ ፋኑኤል ከጠዋቱ ልምምድ በኋላ ሰኚን ነጥሎ ጠራት። ሰኚ የበዳዳ አንድያ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ሺህ ሜትር ትሮጣለች፤ ዳገት ላይ ወንዶቹን ሳይቀር ታስለቅሳለች። «ተመርጠሻል» አላት ፋኑኤል። «ለወጣቶቹ ሻምፒዮና ኢትዮጵያን ወክለሽ ትሄጃለሽ። ቶሎ ብለሽ ፓስፖርት አውጪ።» ልጅቱ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርዳ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለችው የአባቷ ሱቅ ስትደርስ ላቧ እንኳ አልደረቀም ነበር።

በዳዳ ሰልባጅ የስፖርት ጫማ ይሸጣል። ወሬውን ሲሰማ ጫማውን ጥሎ አቀፋት፤ ሳማት፤ እልል ሊል ምንም አልቀረው። እሷ ልብሷን ልትቀይር ስትሄድ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ፓስፖርት የምትለዋ ቃል አስደንግጣዋለች።

ምክንያቱም በዳዳ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ማለት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ዳር ካራ ተወልዶ፣ ካራ ከብት ጠብቆ፣ በዚሁ በእንጦጦ ዳገት ሳንባውን አስፍቶ ያደገ ሰው ነው፤ በወረቀት ግን አይደለም። በወጣትነቱ አሥር ሺህ ሜትር ይሮጥ ነበር። ጎበዝ ነበር፤ ግን በዚህ አገር ጎበዝ ሯጭ መሆን ምን ዋጋ አለው? ሁልጊዜ ከፊቱ ከእሱ የባሱ ጎበዞች አይጠፉም። ለብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን ሳይመረጥ ሚስቱ ታማ ሞተችበት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ጥላበት። በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ መጥቶ ከባሕረ ሰላጤ አገሮች የአንዱን ስም ጠራለት። ለእኛ ሩጥ፣ ዜግነት እንሰጥሃለን ይላሉ አለው። በዳዳ ሕፃኗን ካራ ለታላቅ ወንድሙ ለኢታና ሚስት ሰጥቶ ሄደ። ስምንት ዓመት ሮጠላቸው። ጉልበቱ ሲከዳው እነሱም ከዱት፤ ተመልሶ መጣና ልጁን ከካራ ወሰደ።

የተመለሰ ቀን ቦሌ ላይ በልማድ የኢትዮጵያውያን ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ቆመ። አንድ ለጋ ወጣት ሠራተኛ ፓስፖርቱን አየት አደረገና «ጌታዬ፣ የውጭ ዜጎች በዚያ በኩል ነው» አለው። ልጁ ሥራውን ነው የሠራው፤ በዳዳ ግን ያቺን ቃል እንደ ጥፊ ይዟት ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቢጫ መታወቂያ ነው። በዚያው ቀንም አንድ ነገር በልቡ ቆረጠ፤ እኔ የውጭ ዜጋ ከሆንኩ ልጄም ናት ማለት ነው። ካራ ውስጥ ሰው የሚቆጠረው በአባቱ ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ሰባት ቤት ይወረዳል። አባት ከወጣ ልጅ በምን ትቀራለች? ማንንም አልጠየቀም። ብጠይቅ ይነቁብኛል፣ ነቅተው ልጅቷን ከትምህርት ቤትም ከክለብም ያስወጡብኛል ብሎ ዝም አለ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል፤ በዳዳ ወሬውን ለራሱ አውርቶ ለራሱ አመነ።

እንዲህ ሆኖ ነው ካራ ወንድሙ ዘንድ የሄደው። ኢታና ድሮ ገበሬ ነበር፤ መሬቱ ላይ ኮንዶሚኒየም ከቆመበት ወዲህ ጥቂት ላሞች አስሮ ወተት ይሸጣል። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ብዙ አላሰበም።

«መላ አለው» አለ። «ለእኔ በጉዲፈቻ ስጠኝ። እኔ ከዚህ አገር ንቅንቅ ብዬ አላውቅ። የእኔ ልጅ ከሆነች ማን ምን ይላታል?»

«ጋሼ፣ ጉዲፈቻ እኮ ጨዋታ አይደለም።»

«አይደለም። የተሰጠ ልጅ አይመለስም። እሱን አስብበት።»

ይህን ሁሉ የኢታና ሚስት ኢፍቱ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ልጅ አልወለደችም። የወለደችውን ያህል ያሳደገችው ሰኚን ነው፤ እሷንም በዳዳ ሲመለስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከነቦርሳዋ ወስዶባታል። አሁን የሚያወሩትን ስትሰማ ወተት የምታጠልልበት እጇ ቆሞ ቀረ።

በዳዳ ሲያስብበት ሰነበተ። ልጁ በሩጫ እሱ ያላገኘውን ልታገኝ ነው፤ የዚህን አገር ማልያ። እሱ በገዛ እጁ የተወውን እሷ ካልለበሰችው ዕድሜ ልኩን አይተኛም። ለሰኚ ሲነግራት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ከዚያ በኋላ አንተን ምን ልበልህ?» አለችው።

«ያው… አጎትሽ እሆናለሁ» አለ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ኢታና ግቢ ተሰበሰቡ። ርጥብ ሣር ተጎዘጎዘ፤ በግ ታረደ፤ ከቆዳው ቀጭን ጠፍር ተቆርጦ በሰኚ የእጅ አንጓ ላይ ታሰረ። በዳዳ ተነስቶ ቆመና የሚባለውን አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ልጅ ናት። ብትታመም ያንተ፣ ብትድን ያንተ። ብትዳር ያንተ፣ ብታጠፋ ያንተ። እኔ በእሷ ላይ ቃል የለኝም።» በኦሮምኛ አለው፤ በአማርኛ ቢለው ምናልባት ይቀለው ነበር። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ኢፍቱ ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠግታ ስታለቅስ ለቅሶዋ የደስታ እንደነበር ማንም አልተሳሳተውም። በሳምንቱም ለሰኚ የሚሆነውን ክፍል ኖራ ቀባች፤ አልጋ አስገባች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ገባች» ብላ አወራች።

ፓስፖርት ሊያወጡ ሲሄዱ ሦስቱም አብረው ሄዱ። ኢታና አባት ስለሆነ፣ በዳዳ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ያለው የእሱ ስም ስለሆነ። ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ ሠራተኛዋ ቀና ብላ «የልጅቷ አባት?» አለች።

«እኔ» አለ ኢታና።

«እኔ» አለ በዳዳም፤ አፉ ቀደመው።

ሴትዮዋ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው። «አንድ ይበቃኛል» አለች።

ሰኚ ሳቋ መጣ፤ ከኋላቸው የቆመውም ሰው ሳቀ። ኢታና ግን መዋሸት አያውቅበትም። ከደላላው ጀምሮ እስከ በጉ ድረስ ያለውን አንድ ሳያስቀር ዘረገፈላት። በዳዳ ወንድሙን በዓይኑ ሊያቆመው ሞከረ፤ አልቆመም። አበቃልን፣ አሁን ልጅቷን የውጭ ዜጋ ብለው ሊጽፉብኝ ነው ብሎ ሲጠብቅ ሠራተኛዋ ወደ እሱ ዞረች።

«እርስዎ የዚያን አገር ዜግነት ሲወስዱ ልጅቷ የት ነበረች?»

«እዚሁ። ካራ።»

«ለእሷም ጠይቀውላት ነበር? የእነሱን ፓስፖርት አውጥታ ታውቃለች?»

«ኧረ የለም! ማምጣት ትችላለህ ብለውኝ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኩም።»

«እናቷስ?»

«ኢትዮጵያዊት ነበረች። አርፋለች።»

«ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው ኢትዮጵያዊ ያልሆነችው?» አለች ሠራተኛዋ፤ እንደ መገረም ብላ። «ወላጅ ዜግነቱን ስላጣ ልጁ አብሮ አያጣም፤ ሕጉ ይኸው ነው። እርስዎ ብቻዎን ነው የወጡት። እሷ ከነበረችበት አልተነሳችም።»

በዳዳ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። መጀመሪያ የመጣበት ደስታ ነው፤ እንደ ልጅ የሚያስዘልል ደስታ። ልጁ አልተነካችም። እሱ ያጠፋው በእሱ ላይ ብቻ ቆሟል። ቀጥሎ ግን እሑድ ያደረገው ትዝ አለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ማንም ያልጠየቀውን ልጁን፣ በግ አርዶ፣ ሽማግሌ ቆጥሮ፣ በገዛ አፉ ሰጥቷል። አንድ ቀን መጥቶ ይቺን መስኮት ቢጠይቅ ኖሮ!

«ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ጸድቋል?» አለች ሠራተኛዋ።

«በሽማግሌ ነው» አለ ኢታና።

«እንግዲያው ፍርድ ቤት እስኪያጸድቀው እኔ የምቀበለው የልደት ምስክር ወረቀቱን ነው። እሱ አባት በዳዳ ይላል። በዚሁ ልቀጥል? ወይስ አጽድቃችሁ ትመለሳላችሁ?»

በዳዳ አፉን ከፍቶ ዘጋው፤ በእሷ ላይ ቃል የለኝም ብሏል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኢታና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሰኚን አየት አደረገ፤ እሷም እግሯን ታያለች። ሰውየው እሷ ቤቱ ከገባች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሩጫ ጫማዋን ከበር ላይ እያነሳ ጭቃውን ያራግፍላት ነበር።

«ቀጥዪ የኔ ልጅ» አላት ሠራተኛዋን። «ሰኚ በዳዳ ብለሽ ጻፊ። ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሲወጡ በዳዳ የወንድሙን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ቢል ኢታና ትከሻውን ይዞ አቆመው። ታክሲ ውስጥ በዳዳ ልጁን ሊያቅፋት ሞከረ። እጁን ቀስ ብላ ከትከሻዋ አወረደችው።

«አባ፣ አገሪቷ ያልነጠቀችህን አንተ ተነስተህ ሰጠህ» አለችው። «ሄደህ መጠየቅ እንዴት ያቅትሃል?»

«ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ሰጠኸኝ።»

ካራ ሲደርሱ ኢፍቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። «ተሳካ?» አለች። ኢታና «ተሳካ» ብሎ ቀጥታ ወደ ላሞቹ ሄደ። እንዲህ ያለውን ነገር መንገር የእሱ ሥራ አይደለም፤ የበዳዳ ነው። በዳዳም ነገራት። የሕጉን ነገር፣ የመስኮቱን ነገር፣ ኢታና ያለውን፣ አንድ በአንድ ነገራት። ኢፍቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ሁለት ጊዜ ሆነ፣ በዳዳ» አለች። «መጀመሪያ አሳድጊልኝ ብለህ ሰጠኸኝ። እራሷን ችላ ፀጉሯን መሥራት ስትጀምር ወሰድካት። አሁን ደግሞ በሰው ፊት ያንቺ ናት አልከኝ። ለምኜህ ነበር እንዴ?»

«አልለመንሽኝም፣ እትዬ።»

«ሕጉ እሷን እንዲህ ይላታል፣ አንተን እንዲህ ይልሃል አልከኝ። እኔንስ ምን ይለኛል?»

በዳዳ የሚዋሽላት ነገር ፈለገ፤ አላገኘም። «አንቺንማ ምንም አይልሽም» አለ።

ኢፍቱ ራሷን ነቀነቀችና ገብታ እራት አቀረበች። ማንም በደንብ አልበላም። የኢታና ጉርሻ ብቻ እየዞረ ሁሉም አፍ ጋ ደረሰ። ሲያበቁ በዳዳ እጁን ታጥቦ ተነሳ፤ ጃኬቱን ደረበ።

«በይ ልጄ፣ ሳይመሽ እንሂድ» አለ። «ነገ ልምምድ አለሽ፤ ከፈረንሳይ ይቀርብሻል።»

ሰኚ አልተነሳችም። የኢፍቱን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች፤ መቼ እንደያዘችው ማንም አላየም።

«አንተ ሂድ አባ» አለች። «ስምህን ይዤ እሮጣለሁ፤ ስምህ ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔ ግን እዚህ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እሷ ሂጂ እስክትለኝ።»

በዳዳ ወደ ኢፍቱ ዞረ። ኢፍቱ ቀና ብላ አላየችውም። ሂጂ እንደማትላት በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።