ጋሼ የቆጠራቸው ሰንሰለቶች

በብየዳ ቤቴ የታላቅ ወንድሜ ስም «አንድ ሁለት» ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አልኮራበትም። የምንሠራቸውን በሮችና መስኮቶች በተጎታች ለደንበኛ የሚያደርሰው እሱ ነበር። ተጎታቹን ከፒክአፑ ኋላ ካለው የመጎተቻ ኳስ ጋር ከቆለፈ በኋላ ሁለቱን የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከተጎታቹ አንገት ሥር አጣምሮ ከመኪናው ሻንሲ ጋር ያስራቸዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን መንጠቆ በመዳፉ ይነካና ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንድ፣ ሁለት» ይላል። ይህን ሳይል ሞተር አስነስቶ አያውቅም።

እኔ ውሃ እስኪፈላ ቆሜ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ኳሱ ተቆልፎ ሳለ ሰንሰለት መጨመር ቀበቶ በታጠቀ ሱሪ ላይ ገመድ እንደ ማሰር ነው እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱ አይቆጣም። ኳሱ የከዳህ ቀን አንገቱን ከመሬት አንስቶ የሚይዝልህ ሰንሰለቱ ነው ይለኝና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ይጨርሳል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝም፣ ሙያ ያስያዘኝም እሱ ነው፤ ጋሼ የምለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ተረቱን እየሰማሁ ከመሳቅ ሌላ መልስ አልሰጠውም ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የመስኮት ፍሬሞች ጫንን። ደንበኛው ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ሲያቃጥለው ነበር። ጋሼ ተጎታቹን ቀጠለ፣ ሰንሰለቶቹን አሰረ፣ ቆጠረ፣ ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ጭነቱን ስነካው ተንሸራተተ፤ ገመዱ አልቆ በሁለት ቦታ ተበጥሷል። ሌላ ገመድ ልፈልግ ብል ጊዜ ሊፈጅ ነው። ጎንበስ አልኩና ሁለቱንም ሰንሰለቶች ፈትቼ ፍሬሞቹን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩባቸው። መንገዱ አጭር ነው፣ ለጋሼም እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ሲወጣ ደንበኛው እንደገና ደወለ፤ እኔም «እየመጣን ነው፣ እየመጣን ነው» እያልኩ ጋቢና ገባሁ። ስልኩን ስዘጋ ነገሩን ረስቼዋለሁ።

የኳሱ መቆለፊያ ማለቁን አውቅ ነበር። ነገ እቀይረዋለሁ ስል ሁለት ወር አልፎኛል። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ከኋላችን አንድ ድምፅ ሰማን፤ ወዲያው ተጎታቹ በጎናችን ቀድሞን ሲሄድ አየሁት። መንገድ ተሻግሮ የአንድ ፀጉር ቤት ግድግዳ መታ። ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ ነበር። ከሞት ተረፈ፤ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጋሼ ወደ ሰውየው ሮጠ። እኔ ወደ ተበተነው ጭነት ሮጥኩ። ሰንሰለቶቹ ከፍሬሞቹ መሃል ወድቀው ነበር። አንስቼ ከመኪናው ወንበር ኋላ ያለው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ጣልኳቸው። ማንም አላየኝም።

የመጣው ትራፊክ ፖሊስ ጋሼን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው።

«ሰንሰለት አስረው ነበር?»

«አስሬያለሁ።»

ፖሊሱ የሻንሲውን ባዶ ቀዳዳዎች በጣቱ አሳየው። ቀጥሎ የመፍቻ ሳጥኑን ከፈተ። ጋሼ ሳጥኑ ውስጥ የተኙትን ሰንሰለቶች ትኩር ብሎ አያቸው። ከዚያ የራሱን መዳፍ አየ።

«ያሰርኩ መስሎኝ ነበር» አለ።

እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ምላሴ ተሳሰረ ብዬ ነገሩን ላሳምረው እችል ነበር፤ አልተሳሰረም። ዝም አልኩ፣ ይኸው ነው።

በማግስቱ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ጭንቅላቱ ከከዳው ሌላ ቀን ሰው እንደሚገድል ነገረኝና ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ደንግጣ በየበሩ የማስታወሻ ወረቀት ለጠፈች፦ ምድጃ፣ ቁልፍ፣ መነጽር። መነጽሩን ማንም ሰው እንደሚረሳው አንድ ቀን ሲረሳ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እርስ በርስ ይተያያል። እኔም አብሬ ተያይቻለሁ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እሱ በየሳምንቱ ፀጉር አስተካካዩን ይቅርታ ሊጠይቅ ይሄዳል፤ እያነከሰ የሚቀበለውም ሰው «ተወው፣ እርጅና ነው» ይለዋል። ያኔ ጋሼ ገና ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ መዘግየቴ ራሱ ሌላ ኃጢአት ሆነብኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ሆዴ ግን የፈጀው እኔን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ጨለመ።

ባለፈው ወር ጋሼ እንደ ልማዱ ብየዳ ቤት መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። አዲሱ ሾፌራችን ተጎታች ሲቀጥል አይቶ አላስቻለውም፤ ተነስቶ ሰንሰለቶቹን በራሱ እጅ አጣምሮ አሰራቸው። እጁ ገና መንጠቆው ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ።

«አስሬዋለሁ?» አለኝ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። የያዘውን ብረት ማመን አቅቶት፣ ከእኔ ምስክርነት ፈለገ፤ ከእኔ! ሾፌሩን ምሳህን ብላ ብዬ አስወጣሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ገመዱን፣ ስልኩን፣ ሳጥኑን። እንዳይፈርድብኝ ብዬ የጨመርኩት ምክንያት የለም፤ የነበሩኝ ምክንያቶች አፌ ላይ ሲደርሱ አሳፈሩኝ።

ሲቆጣ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ስለዚህ ያን ቀን አስሬያለሁ» አለ።

«አስረሃል፣ ጋሼ። ቆጥረሃልም።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ምድጃ አጥፍቼ ተኛሁ ብዬ አላምንም። ተነስቼ አያለሁ፤ ተመልሼ እተኛለሁ፤ ደግሞ እነሳለሁ። እናንተ ቤት ባደርኩ ጊዜ እንኳን ሦስቴ ስነሳ አይተኸኛል።»

አይቼዋለሁ። «ጠፍቷል ጋሼ፣ ተኛ» ብዬዋለሁ፤ እንደ ደግ ሰው።

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። ተቀብሎ በመዳፉ ላይ ገለበጠው፣ መልሶም ሰጠኝ። ያኔ ብነግረው ኖሮ እንደሚነዳ፣ አሁን ግን ዓይኑ እውነትም እንደደከመ ተናገረ። ድምፁን አልጨመረም። ቢጨምር ይሻለኝ ነበር።

ማታ ሚስቱ ደወለችልኝ። ወረቀቶቹን ሦስቱንም ከየበሩ ቀዶ መጣሉን ነገረችኝና ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለእሷም ነገርኳት። ሳትሰናበተኝ ዘጋችው።

ሁለት ሳምንት ብየዳ ቤት አልመጣም። በሦስተኛው ብቅ ሲል ሾፌሩ ስላልገባ ተጎታቹን የቀጠልኩት እኔ ነበርኩ። ኳሱ አዲስ ነው። ሰንሰለቶቹን አጣምሬ አስሬ እጄን እየጠረግሁ ነበር። ጋሼ ሰላም ብሎኝ አለፈና፣ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ።

«አስሬዋለሁ ጋሼ» አልኩት።

«ሰማሁ» አለኝ።

ከዚያም የመጀመሪያውን መንጠቆ ሳብ አድርጎ ቆጠረ፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው።