ጎማው የዞረበት ማሳ

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» ብላ ጥላነሽ ስትጠይቀው ባሏ ይርዳው የሚመልሰው ጠፋው። የትም ነበራ! ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ሊያስተምር የመጣው የስዊስ ሰው፣ ሚስተር ኡርስ፣ «እሑድ በቢስክሌት እንንሸራሸር» ብሎታል፤ በቃ። በእሱ አገር ሰው እሑድ እሑድ ቢስክሌቱ ላይ ይወጣና ሐይቅ ሐይቁን ይዞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ጋ ሻይ ይጠጣል፣ አንዱ ጋ ውኃው ዳር ይጋደማል፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ለቅሶ የለበት፣ ሰርግ የለበት፣ ገበያ የለበት።

«እንዲያው በከንቱ?» አለች ጥላነሽ።

«እንዲያው በከንቱ።»

«አይ የፈረንጅ ነገር!» ብላ ሳቀችበትና በሶውን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው።

ይርዳው እዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ለሚስተር ኡርስም የሚያስተረጉምለት እሱ ነው። ሁለቱም ቢስክሌቶች የፈረንጁ ናቸው። በፈረንጁ ቢስክሌት የፊት ጎማ ላይ ከመዳፍ የምታንስ የብረት ሣጥን ተገጥማለች፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ቀጭ ትላለች፤ የተሄደውን መንገድ መቁጠሯ ነው። ሚስተር ኡርስ ይቺን ነገር እንደ ልጁ ነው የሚወዳት። ቁልቁለት ላይ ቀጭቀጭቀጭ ስትል ዞር ብሎ ይርዳውን እያየ ይስቃል።

ጥቅምት ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ሰማዩ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ መስኩ ገና አረንጓዴ ነው። የጨሞጋን ወንዝ ተሻግረው የአምበርን መንገድ ሲይዙ ይርዳው እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር። ንፋሱ ሸሚዙን ሲነፋው «ለካ በከንቱ መሄድም ይጣፍጣል» ብሎ አሰበ። ምን ያድርግ፣ ሰው ነው።

ከዚያ ነው ድምፁን የሰማው።

«ሁለት ናቸው! ጎማ እየነዱ ነው!» አለ አንድ ሰው ከጉብታው ላይ። ከማዶ ሌላው ተቀበለው፤ «አንዱ ፈረንጅ ነው! ጎማው ይናገራል!» ከዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ።

ይርዳው ክው አለ። ያ ዘመን ክፉ ዘመን ነበራ! መሬት ሊለካ ነው፣ አዲስ ግብር ሊጣል ነው የሚባልበት ጊዜ ነው። ቀላድ፣ ያ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ስሙ ሲነሳ የጎጃም ገበሬ ምንሽር ጠመንጃውን ከግድግዳ ያወርዳል። ርስቱ ላይ ቀላድ የተጣለበት ሰው ርስቱ የእሱ አይደለም፤ የአያት የቅድመ አያቱ አጥንት ተለክቶ የተወሰደበት ያህል ነው የሚቆጥረው። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ እያንዳንዷን ዙር የሚቆጥር ጎማ አስከትሎ በሰው ርስት መሀል መንሸራሸር! «ምን ነካኝ? ምን አባቴ ነካኝ?» አለ በልቡ።

«ሚስተር ኡርስ፣ ብንመለስ ይሻላል» አለው።

«ደከመህ?»

«አልደከመኝም። ሰዎቹ ደስ አላላቸውም።»

ሚስተር ኡርስ ቀና ብሎ ጉብታውን አየና እጁን አውለበለበላቸው። እነሱም አፍጥጠው አዩት። «ደግ ሕዝብ ነው» አለና ወደፊት ነዳ፤ እንዲያውም ከዋናው መንገድ ወረደና በከብት መሄጃው ታጠፈ። ይርዳው ከኋላው ተከተለ። ትቶት እንዳይመለስ እንግዳ ነው፤ አብሮት እንዳይሄድ ሞት ነው።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ጎጆ ነበረች። ባለቤቷ እማማ ስሜነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። መንገደኛ ባዩ ጊዜ ማን ናችሁ አላሉም፤ እርጎ በቅል አቀረቡ። ሚስተር ኡርስ ጠጥቶ እጅ ነሣና፣ ጎጆዋ አጠገብ ያለውን ማሳ ተመለከተ። ዘንድሮ አልታረሰም፤ ሣሩን ከብት ግጦት እንደ ምንጣፍ ተስተካክሏል። ሰውየው ልጅነቱ ተነሣበት መሰለኝ፣ ቢስክሌቱ ላይ ዘሎ ወጣና ድንበር ድንበሩን ይዞ ዙሪያውን ይዞረው ጀመር። ደወሉን ያቃጭላል፣ ይስቃል፣ ሣጥኗ ቀጭቀጭ ትላለች። አንድም ጥግ ሳያስቀር ዞሮ የተነሣበት ላይ መጣ።

ለካው! ሌላ ምን ይባላል? የመንግሥት ለኪ ቢመጣ ከዚህ የበለጠ ምን ያደርጋል?

እማማ ስሜነሽ ቅሉን እንደያዙ ቀሩ። «ልጄ፣ ያ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው?»

«ም... ምንም አይደለም እማማ። ጌጥ ነው።»

«ዛሬ ጧት ከቅዳሴ በኋላ የደብራችን አለቃ ሕዝቡን ገዝተዋል» አሉ ቀስ ብለው። «መሬት ለሚለካ ሰው ውኃ ያቀመሰ፣ አይቶም የደበቀ፣ ቄስ አይናዘዘው፣ ሲሞትም ከቤተ ክርስቲያን አይቀበር ብለዋል። እኔ እርጎ ነው የሰጠኋችሁ።»

ያኔ ከወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥሩንባ ተነፋ።

«ወደ መንገዱ! ቶሎ!» ብሎ ሚስተር ኡርስን እያጣደፈ አወጣው። ግን ምን ዋጋ አለው? ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ጋቢ የለበሰ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ሽመል የያዘ አለ፣ ምንሽር ያነገተ አለ። ይርዳው ከቢስክሌቱ ሊወርድ ሲል ወደቀ። ያነሣው ሰው አልነበረም።

ከደብሩ በር፣ ከትልቁ የወይራ ዛፍ ሥር አቀረቧቸው። አለቃ ወልደ ሰንበት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። እንዳላማው የሚባል፣ ምንሽሩን ከእጁ ያላወረደ ጎልማሳ ከጎናቸው ቆሟል።

«ይኼ ጎማ ምን ይሠራል?» አሉ አለቃ።

ይርዳው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሚስተር ኡርስ አለቃ ወደ ሣጥኗ ሲጠቁሙ አየና ፊቱ በራ። የሚያውቃትን አማርኛ ሁሉ አወጣት። «ይቆጥራል!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ጎበዝ! ሁሉ ይቆጥራል! ሁሉ!» ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጁ አሽከረከረላቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

እንዳላማው ምንሽሩን አቀባበለ። ወይ እግዚኦ! ይርዳው እናቱን አሰበ፣ ጥላነሽን አሰበ፣ የቋጠረችለትን በሶ እንኳ አሰበ።

«የሚቆጥረው መንገድ ነው፣ አባ! መንገድ ብቻ!» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እንግዳ ነው፤ ለመንሸራሸር ነው የወጣነው።»

«ወዴት?» አለ እንዳላማው።

«የትም።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። የትም የሚሄድ ሰው አይተው አያውቁማ! ይርዳው ራሱ ሲሰማው እንኳ ውሸት መሰለው።

አለቃ እጃቸውን አነሡና ጫጫታው በረደ። «መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ይቁጠረው። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ይኼ ጎማ ከመንገድ ወርዶ የሰው ርስት ላይ ዞሯል ወይስ አልዞረም? አልዞረም ካልህ ይኼን መስቀል ጨብጠህ ማል፤ በሰላም ትሄዳላችሁ። ከዞረ ግን ይኼን ሕዝብ እኔም ልመልሰው አልችልም።»

መስቀሉ ፊቱ ተዘረጋ። አንድ ቃል ነው። «አልዞረም» ማለት ነው፤ ይርዳው ግን በሐሰት የማለ ሰው ቤቱ ሲፈታ፣ ልጁ ሲቀሰፍ እየተነገረው ያደገ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ይኼን ፍርሃት አላወጣለትም። ምንሽሩን ይፈራል፤ መስቀሉን ይፈራል። እጁን ሰደደ፣ መስቀሉን ጨበጠ፣ ምላሱ ግን እምቢ አለ።

«ማል እንጂ!» አለ እንዳላማው።

ሚስተር ኡርስ የይርዳውን ፊት አየ። ያኔ ገባው። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀና ቢስክሌቱን ለቀቀው።

«ዞሯል» አለ አንድ ድምፅ ከሕዝቡ ኋላ።

እማማ ስሜነሽ ነበሩ። ነጠላቸውን አደግድገው መሀል ገቡና አለቃ እግር ሥር ተንበረከኩ። «የኔን ማሳ ነው የዞረው፤ ጥጉን ሳያስቀር። ሳላውቅ እርጎ አጠጣኋቸው። አይቻለሁ፣ አልደብቅም። ግን አባ፣ የተለካው የኔ ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው አልነካም። ግብሩም በኔ ይምጣ፣ ግዝቱም በኔ ይሁን። ባለ ርስቷ እኔ ነኝ፤ ምሬያቸዋለሁ። የሰው ደም ከማሳዬ ጋር እንዳታገናኙብኝ።»

አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸውም እኮ ፈርተዋል፤ ፈረንጅ ሞተ ከተባለ ጦር እንደሚመጣ፣ ጦር ከመጣ ጎጆው ሁሉ እንደሚቃጠል ያውቃሉ። ማምለጫ ሲፈልጉ ነው ሴትዮዋ የመጡላቸው።

«ባለ ርስቷ ከማረች እኛ ምን አገባን?» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ሳታውቂ ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ሣጥኑን ግን ስበሩት።»

እንዳላማው ድንጋይ አነሣ። ሣጥኗ በአንድ ምት ተጨፈለቀች፤ ጥቃቅን ጥርስ ያላቸው ብረቶች ሣሩ ላይ ተበተኑ። ሚስተር ኡርስ አላየም፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ይተነፍስ ነበር። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው።

ይርዳው እግሩን ፔዳሉ ላይ ሊያደርግ ሲል አንዲት እጅ የቢስክሌቱን መሪ ያዘች። እማማ ስሜነሽ ናቸው። ማንም እንዳይሰማ ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ስንት ሆነ?»

«ምኑ፣ እማማ?»

«ማሳዬ። ፈረንጁ ያውቀዋል አይደል? ሣጥኑ ቢሰበር እሱ በልቡ ይዞታል። ስንት እንደሚመጣብኝ ልወቅና ላሜን ልሽጥ፣ ጥጃዋን ልሽጥ። ድንገት እንዳይደርሱብኝ ነው።»

«እማማ፣ ምንም አይመጣብዎትም! መሬት የሚለካ ነገር አይደለም፤ መጫወቻ ነው!»

«አልቆጠረውም?»

«አልቆጠረውም።»

ዓይን ዓይኑን አዩት። «ማርያምን በል።»

ይርዳው ለገዛ ነፍሱ ያልማላትን መሐላ አሁን በምን አቅሙ ይማላት? እምቢ ቢል ግን ሴትዮዋ ዛሬውኑ ላማቸውን ገበያ ሊያወርዱ ነው። ለእሱ ብለው የተንበረከኩበት ጉልበታቸው ላይ አፈሩ ገና አልተራገፈም።

«ማርያምን» አለ።

«እፎይ!» አሉ እማማ ስሜነሽ። ትከሻውን ሳሙት፣ መሪውን ለቀቁለት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጎጆአቸው አቀኑ።

ከጨሞጋ ቁልቁለት ደረሱ። ይርዳው ፍሬኑን ጨብጦ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያ ሁሉ ሽመልና ምንሽር ከኋላው ቀርቶ ሳለ ፍርሃቱ አልቀረለትም። «አልቆጠረውም፤ በፈረንጁ ልብ ውስጥም የለም፤ ማንም አላየውም» እያለ ራሱን ያጽናናል። ማንም ካላየው መሐላው ግማሹ እውነት ነው ብሎ ተስፋ አደረገ።

ሚስተር ኡርስ ከጎኑ ደረሰ። ድምፁ ሻክሯል። «ይርዳው፣ ስለ ሴትዮዋ ሳስብ ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው። ለነገሩ እርሻቸውን ስዞር፣ ስጀምርም ስጨርስም ቆጣሪውን አይቼው ነበር...»

«አትንገረኝ!» አለ ይርዳው።

«ምን?»

«አትንገረኝ! በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አትንገረኝ!» ሲጨንቀው በአማርኛ መጮኹን ልብ አላለም።

ፈረንጁ ንፋሱ ድምፁን የወሰደበት መሰለው። ጠጋ አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁጥሩን ነገረው፤ እስከነሽራፊው።

ይርዳው ፍሬኑን ለቀቀና ቁልቁለቱን ወረደ። ቁጥሩ ግን አብሮት ወረደ። ዞር ብሎ ለማየት ፈራ፤ እማማ ስሜነሽ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መንገዱ ላይ ቆመው «ስንት ሆነ?» የሚሉት መስሎት ነበር።