የውሰት ሚስትና የማንቶቫ ጉዞ

ዱኢሊዮ ቤርናቺ ሚስቱን ከተማ ሊያሳይ መሆኑ ሲወራ፣ ሲየና ውስጥ ያመነ ሰው አልነበረም። ኦርኔላ ከተጋቡበት ዓመት ጀምሮ «ማንቶቫን አሳየኝ» ስትለው ኖራለች። የእሱም መልስ ተለውጦ አያውቅም። «እዚያ ምን አለ? ድንጋይ። ድንጋይ ካማረሽ መስኮቱን ክፈቺ» ይላታል። ቧንቧ ሲጠግን የዋለ ሰው ማታ ጫማውን አውልቆ ከመቀመጥ ሌላ የሚመኘው የለም።

በዚህ ዓመት ግን ፀደይ እንደገባ ፎስኮ ላንዲ ለፈረስ ውድድሩ የኤሊ ሰፈር ካፒቴን ሆኖ ተመረጠ። ሳምንት ሳይሞላ ዱኢሊዮ የሰሜን ኢጣሊያን ካርታ በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲየና ሰፈሮች ብዙዎቹ በእንስሳ ስም ይጠራሉ፣ በየዓመቱም በከተማው አደባባይ በፈረስ ይወዳደራሉ። ኦርኔላ የኤሊ ሰፈር ልጅ ናት፤ ዱኢሊዮ ደግሞ የቀንድ አውጣ። ሁለቱ ሰፈሮች ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ ጠላትነታቸው ከመቼ እንደጀመረ የሚያስታውስ ሰው የለም። ሁለቱ ተጋብተው ዓመቱን ሙሉ አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፤ የፈረስ ውድድሩ ሲቃረብ ግን ሚስት ትራሷን አንሥታ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ማንም ይህን እንደ ጠብ አይቆጥረውም። በዋዜማው ምሽት እያንዳንዱ ሰፈር መንገዱ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግቶ ከራሱ ሰዎች ጋር ይበላል፤ በማግስቱ ፈረሶቹ አደባባዩን ይዞራሉ፤ ያሸነፈ ያለቅሳል፣ የተሸነፈም ያለቅሳል፣ ከዚያ ሚስት ትራሷን ይዛ ትመለሳለች።

ዱኢሊዮ ይህን ሁሉ ዓመት ችሎ ኖሯል። የቻለውም ፎስኮ ሚላን ውስጥ ስለነበረ ነው። ፎስኮ ከዱኢሊዮ በፊት የኦርኔላ ወዳጅ ነበር። ሕግ ተማረና ሚላን ሄደ፤ እዚያ ውል አዋዋይ ሆነ፣ የሰው አገር ልጅም አገባ። በኦርኔላ ሠርግ ላይ ግን መጥቶ ነበር፣ ማንም ሳይጠራው። ብርጭቆውን አንሥቶ በሰው ፊት፣ «ዱኢሊዮ፣ በውሰት ነው የሰጠንህ። ነሐሴ ነሐሴ እንወስዳታለን» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራውም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ያ ሳቅ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። በዚያው ቀን ፎስኮ ለሙሽራዋ የኤሊን ቢጫና ሰማያዊ የሐር መሐረብ ሰጣት። እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ አለ፤ በየነሐሴው አንገቷ ላይ ይወጣል።

አሁን ፎስኮ ሚስቱ ሞታበት ተመልሷል። የአባቱን ቤት አሳደሰ፤ ለመታጠቢያ ቤቱም ሲየና ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛ የጠፋ ይመስል ከፍሎሬንስ ሰው አስመጣ። ከተመረጠ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ «እሳቸው» ይለዋል። ኦርኔላ ብቻ ናት «ፎስኮ እንዲህ አለ፣ ፎስኮ መጣ» የምትለው። ዱኢሊዮ ይህን በሰማ ቁጥር ሾርባው ይበርድበታል። በዘንድሮው ዋዜማ እሷ መሐረቡን አስራ በካፒቴኑ ጠረጴዛ ስትቀመጥ ታየው። ያ ማዕድ እንዳይሆን የማያደርገው ነገር አልነበረም።

ካርታውን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው ኦርኔላ መነጽሯን አደረገች።

«አሞሃል?» አለችው።

ደህና መሆኑን፣ ሰው እድሜው ሲገፋ አገሩን ማየት እንዳለበት ነገራት። ንግግሩ የእሱ እንዳልሆነ ታውቋት ነበር፤ ደስታዋ ግን ጥርጣሬዋን ዋጠው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ጉዞ ይታቀድ ጀመር። ራቬና ሄዳ ግድግዳ ላይ በሥዕል የተለጠፈውን ባለ ወርቅ ጠጠር ልታይ፣ ፌራራ ላይ ብስክሌት ተከራይታ የከተማውን ቅጥር ልትዞር፣ መጨረሻ ላይ ማንቶቫ ደርሳ ዱባ የተሞላውን ፓስታ ልትበላና በሐይቁ ላይ የሚያብበውን ሎተስ ልታይ። አበባው የሚያምረው በሙቀቱ ወራት ነው ብላ አነበበችለት። እሱ ለከተሞቹ ግድ አልነበረውም፤ ፌራራን ከራቬና አስቀደመች አስከተለች፣ ለእሱ አንድ ነው። አንገቱን የሚያቀናው ስለ ቀኑ ሲወራ ብቻ ነው። ቀኑ የውድድሩ ሳምንት ነበር።

ኦርኔላ እርሳሷን አስቀመጠች። «ዘንድሮ ቀንድ አውጣ ይሮጣል እኮ» አለችው።

እውነቷን ነው። ሰፈሮቹ አሥራ ሰባት ናቸው፤ አደባባዩ ግን ከአሥር ፈረስ በላይ አይችልም። ባለፈው ነሐሴ ያልሮጡት ሰባቱ በዚህኛው በመብታቸው ይሮጣሉ፣ ሦስቱ በዕጣ ይጨመራሉ። ቀንድ አውጣ ባለመብት ነው። ኤሊ አምና ስለሮጠ ዕጣ ይጠብቃል። የዱኢሊዮ ሒሳብም እዚህ ላይ ነበር፤ ዕጣው ካልወጣላቸው የኤሊ ካፒቴን ጠረጴዛ አይዘረጋም፣ ኦርኔላም ለመሄድ አትጨነቅም፤ ከወጣላቸው ደግሞ ማረፊያው ተይዟል፣ ትኬቱ ተቆርጧል።

«ይሩጥ» አላት። «እኔ ስለሌለሁ ፈረሱ አያነክስም።»

ይህን ያለ የሲየና ሰው ታይቶ አይታወቅም። ሰዎች ከሆስፒታል አልጋ ተነሥተው የሰፈራቸውን ፈረስ ሊያዩ ይመጣሉ። የልጅነት ጓደኛው ኔሎ ወሬውን ሲሰማ ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ ሚስት ብትወደድ ብትወደድ እስከዚህ ድረስ አትወደድም፣ የሆነ ነገር ቢኖርህ ነው አለው። ዱኢሊዮ የቧንቧውን ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ። ኦርኔላም ያኔውኑ ካርታው ፊት ነገሩ ገብቷት ነበር፤ ግን ማንቶቫን በጣም ፈልጋ ስለነበር ያልገባት መሰለች።

ውድድሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ኤሊም ቀንድ አውጣም ያልሮጡበት የሰኔው ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ማታ የነሐሴው ዕጣ ወጣ። ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት አንጋጧል። የሰባቱ ባለመብት ባንዲራ ቀድሞ ተሰቅሏል፤ የዱኢሊዮም ቀንድ አውጣ ከመካከላቸው ይውለበለባል፣ እሱ ግን አላየውም። ዓይኑ ባዶው መስኮት ላይ ነው። አንደኛው ዕጣ ወጣ፣ ኤሊ አይደለም። ሁለተኛውም አይደለም። ዱኢሊዮ መተንፈስ ጀመረ። በሦስተኛው ላይ ቢጫና ሰማያዊ ጨርቅ በመስኮቱ ሲወጣ ኦርኔላ ክንዱን ለቀቀችው። እንደ ኮረዳ እየሮጠች ወደ ሰፈሯ ሰዎች ገባች። ከሩቅ ሆኖ አያት፤ አክስቶቿን አቀፈች፣ የጎረቤት ልጆችን አቀፈች፣ ፎስኮንም አቀፈች። ሌሎቹን ስታቅፍ ምን ያህል እንደቆየች አላስተዋለም፤ የፎስኮ ግን ረዘመበት።

ማታ ቤት ስትመለስ ቆማ ነገረችው። እንደማትሄድ፣ መስከረም ላይ ግን በደስታ እንደምትሄድ፣ ማንቶቫ የትም እንደማትሸሽ ነገረችው።

«አበባው መስከረም ላይ የለም» አላት።

«አበባውን መቼ ነው የወደድከው?»

«የሚጠብቅሽ ሰው አለ፤ እሱን ንገሪኝ።»

ኦርኔላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «ዱኢሊዮ፣ ያንን ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ያስቀመጥከው አንተ ነህ። እኔ ሄዷል ብዬ ነበር» አለችው።

እሱም ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። ይህን ያለው ትለምነኛለች ብሎ ነው። ኦርኔላ ግን አልለመነችውም፤ ሸሚዞቹን ተኩሳ ሻንጣውን አዘጋጀችለት፣ ካልሲዎቹን በጫማዎቹ ውስጥ ጠቀጠቀች፣ ካርታውን አጥፋ ከላይ አደረገችለት። ሻንጣ እንዲህ በደንብ ሲዘጋጅለት ሰው እንዴት ይቀራል? እሷ ትራሷን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ እሱ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አውቶቡሱ።

ራቬና ላይ ባለ ወርቁን ጠጠር ቀና ብሎ አላየውም። ፌራራ ላይ ብስክሌት አልተከራየም። በዋዜማው ማታ ማንቶቫ ውስጥ በሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ዱባ የተሞላውን ፓስታ አዘዘ። ጣፋጭነቱ አናደደው። በዚያች ሰዓት ፎስኮ ብርጭቆ ያነሣል፣ አንድ ነገር ይናገራል፣ ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች። እንዴት እንደምትስቅ ያውቀዋል፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው።

በማግስቱ ከሐይቁ አጠገብ ያለ ቡና ቤት ገብቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ። አሳላፊው ብርጭቆ እያደረቀ የትኛው ፈረስ የእሱ እንደሆነ ጠየቀው።

«የማንም አይደለሁም» አለ ዱኢሊዮ።

የመነሻው ገመድ ወደቀና ፈረሶቹ ተነሡ። ሦስት ዙር ነው፤ በአንድ ደቂቃ ከምናምን ያልቃል። በሁለተኛው ዙር ቀንድ አውጣ ከኋላ መጥቶ ኤሊን በመታጠፊያው ላይ አለፈው፣ ከዚያ ሁሉንም አለፈ። አባቱ ሊያየው እየተመኘ የሞተበት ድል ነበር፤ በጠላት ፊት፣ ጠላት ሁለተኛ ወጥቶ። ዱኢሊዮ ብድግ አለ። እጆቹ የሚያቅፉት ሰው ፈለጉ። በቡና ቤቱ ውስጥ ቢራ የሚጠጡ ሁለት ጀርመኖችና አንዲት ውሻ ነበሩ። አሳላፊውም «አለቀ እኮ» ብሎ ቴሌቪዥኑን ወደ ኳስ ለወጠው።

«መልሰው» አለ ዱኢሊዮ። ሲመልስለት ካሜራው የተሸናፊዎቹን ፊት እያሳየ ነበር። ዱኢሊዮ የራሱን ሰፈር ደስታ ሊያይ አልነበረም፤ በቢጫና ሰማያዊው መካከል አንድ ፊት ይፈልግ ነበር። አላገኘውም። ፎስኮንም አላገኘው። ሁለቱም አለመታየታቸው ከመታየታቸው ባሰበት።

ሲየና ሲገባ ሰፈሩ ከበሮ እየመታ ነበር። ኔሎ ድምፁ ተዘግቶ፣ በወይን ጠጅ ርሶ፣ ከሩቅ አየውና ለሰዉ አሳየው። «ቱሪስቱ መጣ! ቦታ ስጡት፣ ፎቶ ያንሣ።» ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ልክ እንደ ሠርጉ ቀን። ወይን ጠጁን ሰጡት፣ አቀፉትም፣ ግን እቅፉ የእንግዳ እቅፍ ነበር። ይህ ስም እስከ መቃብሩ እንደሚከተለው ያን ጊዜውኑ ገባው።

ቤት ሲደርስ ኦርኔላ ቀድማው ገብታ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል። ከማንቶቫ ያመጣላትን ፍርፍር የሚል የለውዝ ኬክ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ቆርሳ ቀመሰች።

«አበባው አብቦ ነበር?»

«አላየሁትም» አላት። እውነቱን ነበር። ሐይቁ አጠገብ ሁለት ቀን ተቀምጦ አላየውም።

ኦርኔላ እጁን ያዘችው። ባዘነችበት ቀን ስለእሱ ማዘኗ ትንሽ አለሰለሰው። ስለ ዋዜማው ማዕድ ጠየቃት፤ ካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ እንዳልተቀመጠች፣ ከእናቷ ጋር ሆና ጨጓራዋን አሟት በጊዜ እንደተኛች ነገረችው። ዱኢሊዮ የዓሣው አጥንት ከጉሮሮው ሲነቃነቅ ተሰማው።

«ፎስኮ ግን አሳዘነኝ» አለች ኬኩን እየቆረሰች። «ፈረሱ ሲሸነፍ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንባውን የሚጠርግበት እንኳ አልነበረውም፣ መሐረቤን ሰጠሁት።»

ዱኢሊዮ እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣ።

«የትኛውን መሐረብ?» አላት።