ዌንደል የጨረሰው ብስክሌት

ዌንደል ፕሩዊት እጁን ያስገባበት ነገር ሳይስተካከል አይቀርም። ዕድሜውን የፈጀው ኦሽንሳይድ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ አላሳረፈውም። የኔን የውሃ ማሞቂያ ስንት ጊዜ ነፍስ እንደዘራበት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድም ቀን ሲማረር አልሰማሁም። እንዲያውም ደውዬ "ተበላሸብኝ" ስለው ድምፁ ይፈካል።

ሚስቱን ኖሪንን ሁላችንም ታድላለች እንላት ነበር፤ እሷም አትክድም። እኛ ከውጭ ሆነን የማናየው ግን አንድ ነገር ነበር። ኖሪን የጀመረችውን ሁሉ የሚጨርሰው ዌንደል ነው። ቲማቲም ልትተክል አፈር ስትቆፍር ካያት "ተይው፣ ወገብሽን" ብሎ አካፋውን ይቀበላታል። መደርደሪያ ልትሰቅል ግድግዳውን ስትለካ መሰርሰሪያውን ይዞ ከተፍ ይላል። እሷ ባትሪ ታበራለታለች፣ ቡሎን ታቀብለዋለች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ባትሪ ስታበራ ኖራለች ብል አላጋነንኩም። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ፍቅሩን የሚናገርበት ሌላ አፍ ስላልተሰጠው ነው።

በሰኔ፣ ባሕሩ እስከ ቀትር ጭጋግ ለብሶ በሚውልበት ሰሞን፣ እነሱ ቤት አንድ ትልቅ ካርቶን መጣ። ኖሪን ለራሷ ያዘዘችው ብስክሌት ነው፤ እዚህ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ባሕሩን ዳር ዳር እያለ የሚነዳው ዓይነት። ጎማው ወፍራም፣ ኮርቻው ሰፊ፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ኋላ የተቀለበሰ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ኖሪን ብስክሌት የነዳችው ባደገችበት በነብራስካ፣ በልጅነቷ ነው፤ ካገባች ወዲህ አልነካችም። ጠዋት ጠዋት እኔና እሷ ከወደቡ ተነስተን ዓሣ እስከሚጠመድበት ረጅም የእንጨት ድልድይ ድረስ ልንነዳ፣ እዚያ ታኮ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ ዓሣ በልተን ልንመለስ ተስማምተን ነበር።

ዌንደል ካርቶኑን ወደ ጋራዡ ጎትቶ አስገባና ቢላዋውን ከኪሱ አወጣ። ኖሪን እጇን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች።

"ይሄን የምገጥመው እኔ ነኝ" አለችው።

ዌንደል ሳቀ። "እሺ፣ እኔ ባትሪ ላብራልሽ?"

"አንተ ዓሣህን አጥምድ።"

እሱም ቀልድ መስሎት የማጥመጃ ዘንጉንና ባልዲውን አንስቶ ሄደ።

ሥራው ቀናት ወሰደባት። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ የሎሚ ጭማቂ እየጠጣሁ አያታለሁ። አሮጌ አንሶላ ዘርግታ ብረቱን ሁሉ ደረደረችበት። የመመሪያው ወረቀት ሥዕሎች ጥቃቅን ስለሆኑ መነጽሯ ላይ ሌላ መነጽር ደረበች። "ይሄ ነገር ሲያልቅ ብስክሌት ነው የሚሆነው ወይስ ጀልባ?" ስላት፣ "ጀልባ ከሆነ አንቺን አልጭንም፣ ትከብጂኛለሽ" አለችኝ። ካቴናው አልገባ ሲላት ከአፏ ሰምቼው የማላውቀው ስድብ ወጣ። መሪውን ገጠመች፣ ጠመመባት፣ ፈታችው፣ እንደገና ገጠመችው። እጇ በግራሶ ጠቁሮ ሳትታጠብ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ጥፍሮቿን ዘርግታ አሳየችኝ፤ አዲስ ሙሽራ ቀለበቷን እንደምታሳይ ነበር አኳኋኗ።

ዌንደል በዚያ በኩል ማለፍ ሲኖርበት ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ "አላየሁም፣ ምንም አላየሁም" እያለ ያልፋል። እሷም ትስቃለች። እነዚያ ቀናት በዚያ ቤት ደስ የሚሉ ቀናት ነበሩ።

የቀሯት ፔዳሎቹና ኮርቻው ብቻ ሲሆኑ፣ ሪቨርሳይድ ከተማ የምትኖረው እህቷ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ሆነና ኖሪን አንድ ሌሊት ልታድርላት ሄደች። ስትወጣ በመኪናው መስኮት "ቅዳሜ ስመጣ እጨርሰዋለሁ፤ የጎማሽን ነፋስ ሙይ" ብላኛለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዌንደል ራሱ ነው የነገረኝ። ጋራዥ የገባው የዓሣ መንጠቆ ፍለጋ ነበር። ብስክሌቱን አየው። ቀረብ ብሎ ሲያየው የፊት ጎማውን የሚያቅፈው ሹካ መሳይ ብረት ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሟል። የኋላው ጎማ ላይ ያለችው የፍሬን ክንድም ከብረቱ ጋር አልታሰረችም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጥ ሊይዝላት የሚገባው ፍሬን እምቢ ማለቱ ነው።

"የሚገድል ነገር ነው ፊሊስ" አለኝ። "ልደውልላት ስልኩን አነሳሁ። ግን እህቷ ፊት ታፍራለች ብዬ ተውኩት። ሁለቱን ነገር ብቻ አስተካክዬ ዝም ብል ማን ያውቃል አልኩ።"

ሁለቱን ሊያስተካክል ፈታው። ከተፈታ በኋላ ደግሞ የዌንደል ዓይን አያርፍም። ጎማው ትንሽ ይወዛወዛል፤ አቃናው። መጋጠሚያዎቹ ግራሶ አልጠጡም፤ አጠጣቸው። ካቴናው ላልቷል፤ ወጠረው። ፔዳሎቹን ገጠመ። ኮርቻውንም ሳይለካ በቁመቷ ልክ አደረገው፤ ቁመቷን በእጁ ያውቀዋል። ለልደቷ ደብቆ ያስቀመጣት የቀርከሃ ቅርጫት ነበረች፤ እሷን መሪው ላይ አሰረ። በመጨረሻ አረንጓዴው ብረት ላይ የነበረውን የጣቶቿን የግራሶ አሻራ በጨርቅ ወልውሎ አጠፋው።

ቅዳሜ ኖሪን ስትመጣ እኔ ብስክሌቴን ይዤ በር ላይ እየጠበቅኋት ነበር። ዌንደል የጋራዡን መዝጊያ ከፈተና እንደ ሱቅ አሻሻጭ እጁን ዘረጋ። ብስክሌቱ ያብለጨልጫል። እውነቱን ለመናገር ያማረ ሥራ ነው።

"በይ ውጪበት" አላት።

ኖሪን የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ዞረችው። ቅርጫቱን ነካ አደረገች። ፔዳሉን በጫማዋ ጫፍ ገፋችው፤ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ።

"ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ" አለችና ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

"መንገዱ አድክሟት ነው" አለኝ ዌንደል። እኔም ልክ ነህ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ በኋላ ኖሪን አልነዳችውም። አንድ ሰሞን ጉልበቷን አሳበበች፣ ሌላ ሰሞን ነፋሱን። እኔ ስጠይቃት "ሌላ ቀን" ነው መልሷ። ዌንደል ኮርቻው አልተመቻት ይሆናል ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፣ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። መሪውን ወደ እሷ ያቀርበዋል። ጋራዡ ውስጥ የቡሎን መፍቻ ሲያቃጭል እሰማዋለሁ፤ ችግሩን ቡሎን ውስጥ ይፈልጋል።

ነሐሴ ላይ ቁርስ እየበሉ ፊት ለፊት ጠየቃት። የተባባሉትን ሁለቱም በየግላቸው ነግረውኛል፤ ቃሉ አንድ ነው። እሱ የሹካውን መገልበጥና የፍሬኑን ነገር አወጣ። "ብትነጂው ኖሮ ወድቀሽ ነበር፣ ኖሪ" አላት።

ኖሪን ይህን እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር። ከቁርሳቸው ልትቀምስ የወጣችውን ድመታቸውን ከጠረጴዛው አወረደች።

"ነግረኸኝ ቢሆን እኔው አዞረው ነበር" አለችው።

"ላስደስትሽ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። እሱን ስለማውቅ እኮ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።" ሰሃኖቹን ማነሳሳት ጀመረች። "አንድ ነገር ከሥሩ እስከ ጫፉ በእጄ ሠርቼ ልቀመጥበት ፈልጌ ነበር፣ ዌንደል። ብትጣመምም የኔ ጠማማ ነበረች።"

ዌንደል እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። በማግስቱ እሷ አልጋዋ ላይ ሳለች ጋራዥ ገባና ብስክሌቱን እስከ መጨረሻው ቡሎን ፈታታው። ያንኑ አንሶላ ዘረጋ፣ እያንዳንዱን ብረት ደረደረ፣ መመሪያውንም ራስጌው ላይ አኖረ። ከዚያ ጠራት። በነጠላ ጫማዋ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔ አበባ እያጠጣሁ ስለነበር ከወዲህ ማዶ ይታየኛል።

የተዘረጋውን ብረት ረጅም ጊዜ አየችው። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ እንዲያውም ሳቅ ቢጤ ነበረበት።

"አሁን ደግሞ መፍታቱንም አንተው ፈታህልኝ" አለችው።

ዌንደል በቆመበት እጁን በሱሪው ሲጠርግ አየሁት፤ እጁ ግን ታጥቦ ንጹሕ ነበር።

ብረቶቹ መሬት ላይ እንደተዘረጉ ሰነበቱ። መኪናቸው ውጭ ማደር ጀመረ። መኸሩ ሲገባ ኖሪን መጥታ "ውሰጂው ፊሊስ፣ ቢያንስ ባሕሩን ይይ" አለችኝ። እምቢ ብዬ ተከራከርኳት። በመጨረሻ ግን ጭኜ ብስክሌት ቤት ወስጄ አስገጠምኩት። አሁን የምነዳው እሱን ነው።

ኖሪን ማክሰኞ ማክሰኞ የሸክላ ሥራ ትማራለች። የሚያደርሳት ዌንደል ነው፤ እስክትወጣ መኪና ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ግባ ያለችውም አይመስለኝም። እስካሁን ቤት ያመጣችው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነበለ፣ ውሃ የማይቋጥር። ቁልፍ ታስቀምጥበታለች። ተጣልተዋል እንዳትሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ማታ ማታም በባሕሩ ዳር በእግር ይሄዳሉ። ግን አንድ ነገር ልትጀምር ስትል ቀድሞ ታደርግ እንደነበረው አትነግረውም።

በቀደም ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብስክሌቴን አቁሜ ከዌንደል ጋር ትንሽ አወጋን። ይቅርታ እንደጠየቃትና ይቅር እንዳለችው ነገረኝ።

"የሚቆጨኝ መፍታቴ አይደለም፣ መግጠሜም አይደለም" አለኝ። "ስልኩን አንስቼ ነበር እኮ። ሹካሽ ተገልብጧል ብላት አለቀ። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ስልኩን መልሼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ መፍቻውን ለማንሳት ስለቸኮልኩ።"

አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ስለጀመረ ኮሌታዬን ሰብስቤ፣ ለኖሪን ሰላምታ አድርስልኝ ብዬው ወደ ወደቡ ነዳሁ።