ቀለሙን የያዘው ሙጫ

ፀሐይቱ እጇን ከሳፋው ስታወጣ ጣቶቿ ላይ ቀይ ነገር ተጣብቋል። መጀመሪያ የተቆረጠች መሰላት። በኋላ ስታየው ግን ደም አይደለም፤ የእመቤታችን ቀሚስ ነው።

ፀሐይቱ ገነተ ማርያም አጠገብ ጉሎ ተክላ፣ ቅጠሉን እየመገበች የሐር ትል የምታረባ ሴት ናት። ትሉ ክሩን የሚያጣብቅበትን ሙጫ ለማስለቀቅ ድሮ በሳሙናና በሶዳ ስትቀቅል ትውል ነበር። ላሊበላ ሄዳ ከሠለጠነች ወዲህ ማፍላት ቀረ። ኢንዛይም የሚሉትን ዱቄት ለብ ባለ ውኃ በጥብጣ ትዘፈዝፈዋለች፤ ዱቄቱ ሙጫውን በልቶ ሐሩን ይተወዋል። ስለዚህ ዱቄት ያላወራችለት ሰው የለም፣ ሠርግ ቤት እንኳ ሳይቀር። ጎረቤቱ ሁሉ ሰልችቶታል።

ትናንት ቄስ ሰይፈ ሥላሴ አንድ ሥዕል ይዘውላት መጡ። የሞቱት አባቷ አለቃ ምንይችል ባልተቀቀለ ሐር ላይ የሣሏት፣ ልጇን የታቀፈች እመቤታችን ናት። የጧፍ ጭስ አጥቁሯታል፤ ደርቃም አልታጠፍ ብላለች።

«ለበዓሉ እንድንሰቅላት በደረቅ ጨርቅ ጥረጊልን» አሉ።

በደረቅ ጨርቅ! ፀሐይቱ በሆዷ ሳቀች። ድርቀቱ የሐሩ ሙጫ አይደል? ይኼ ዱቄት እያለማ ምን ሲባል! ጧት ተነሥታ ዘፈዘፈችው።

አሁን ሰማያዊው በአንድ በኩል፣ ቀዩ በሌላ በኩል ይንሳፈፋል። የሕፃኑ ፊት ዓይኗ እያየ ከሐሩ ለቀቀ። አሠልጣኟ «ከቆዳ የተሠራ ነገር እንዳታስገቡ፣ ይበላዋል» ማለቷ ያን ጊዜ ትዝ አላት። አባቷ ቀለሙን የሚያሲዙት ደግሞ በቆዳ ሙጫ ነበር። የበሬውን ቆዳ ቆራርጣ፣ ቀቅላ፣ አጥልላ የምታቀርብላቸው ማን ሆነና? እሷው ናት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና።

ቄሱ ሲመጡ ሐሩን ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሐር አውጥታ አታውቅም።

«አባ፣ ይፍቱኝ። አጠፋኋት» አለች።

ቄሱ በጣታቸው የሐሩን ግርጌ ዳሰሱ።

«እዚህ ጋ፣ ከጭሱ ሥር፣ ድስት የያዘች ትንሽ ልጅ ነበረች። አለቃ አንቺን ነው የሣሉት። ሙጫ ያፈላችልኝ ልጄ ከእመቤቴ እግር ሥር ትሁን ብለው። አልነገሩሽም እንዴ?»

ፀሐይቱ ወደ ጓሮ ሮጠች። ውኃውን ገና አልደፋችውም፤ ቀለሙ ሳፋው ውስጥ ዘቅጧል። እጇን እስከ ክንዷ ከታ ዝቃጩን ታፍስ ጀመር። አንዱ እፍኝ ቀይ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ፤ ልጅቷ በየትኛው እንዳለች ማን ይንገራት።