የአያ የሻው ማራገቢያ

«የማኪናዋን ማራገቢያ ከሞተሩ አላቅቆ በባትሪ ይዙር ብሎ ነው አሉ» አለ የለቅሶውን ዳስ ምሰሶ ተደግፎ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጣሊያን አስተካክሎ የሠራውን ምነው ባይነካካው?»

አጠገቡ ያለው ጎረቤቱ፣ የሟቹ ወንድም ዳኛው ከኋላቸው መቀመጡን አይቶ ኖሮ፣ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ሰውዬው ዞር ብሎ አየና ደነገጠ። ትንሽ ቆይቶ ስለ ዘንድሮው የሽምብራ ምርት ማውራት ጀመረ።

ዳኛው እንዳልሰማ ሆነ። ታላቅ ወንድሙ የሻው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የሠልስቱ ጸሎት ጧት በአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ተደርሷል። ከቀብር መልስ ጀምሮ ዳኛው ከአባቱ ጎን አልተቀመጠም። የሟች ወንድም ቦታው እዚያ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን እንግዳ የሚቀበል እየመሰለ ከዳሱ ጫፍ ይውላል። የአባቱን ዓይን ማየት አልቻለም።

ሊማሊሞ ዳገት ላይ የሆነውን በደንብ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሬሳውን ያመጣው ሾፌር የተናገረው ጥቂት ነው፤ የማኪናዋ ውኃ ፈላ፣ የሻው ወረደ፣ ገደል ገባ። አብሮት የነበረው የማኪናዋ ባለቤት ሐጂ ኸሊል ማኪናዋንና የጫነችውን ጨው ዳገቱን ለማስወጣት እዚያው ቀርቷል። እስኪመጣ ድረስ ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ለማራገቢያው የዘረጋውን ሽቦ ይቆጥራል። ከባትሪው እስከ ማብሪያው፣ ከማብሪያው እስከ ማራገቢያው። የቱ ጋ ላላ? የቱ ጋ ተቃጠለ?

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነበር። ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቺንጋ ሊማሊሞ ላይ ተበጥሶ የሻው ሁለት ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ቺንጋውን በጠፍር ቋጥሮ ዳኛው የሚሠራበት አዘዞ ጋራዥ ደረሰ፤ እየሳቀ ነበር የገባው። ማኪናዋን እንደ በሬ ጠምጄ አመጣኋት አለ።

ሁሌም ስለ ማኪናዋ የሚያወራው እንደዚያ ነበር። እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ የአባቱን በቅሎዎች ተከትሎ ጨው ሲያመላልስ ነው የኖረው። በኋላ መሪ ቢይዝም የሲራራ ነጋዴ ጠባዩ አልለቀቀውም። ጧት ሳያስነሳ ኮፈኗን መታ መታ ያደርጋል፤ ዳገት ጨርሶ ሲወጣ ያቆምና «ትተንፍስ» ይላል። ፊደል አልቆጠረም። ዳኛውን ግን በበቅሎ አፈናጦ ጎንደር ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ ነው፤ ኋላም አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ የቴክኒክ ተማሪ ቤት በር ላይ ያደረሰው እሱ ነው።

ዳኛው ጠፍሩን አይቶ አልሳቀም። ያረጀ ሞተር ዳገት ላይ ዙሩ ይቀንሳል፤ ከእሱ ጋር የታሰረው ማራገቢያም አብሮ ይዳከማል፤ ነፋስ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነፋስ የለም ማለት ነው። በባትሪ የሚሠራ ማራገቢያ ግን ሞተሩ ቢደክምም አይደክምም። ከወደቀ የጦር ማኪና ላይ የፈታትን ትንሽ የባትሪ ሞተር አጽድቶ፣ አራት ክንፍ ገጥሞላት ከራዲያተሩ ፊት አሰራት። ማብሪያዋን ከመሪው ጎን አደረጋት። አንድ ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ እየቆየ ሠራ።

ያለቀ ዕለት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማብሪያዋን ሲጫናት ማራገቢያው ዞረ። የሻው ነጠላውን ከደረቱ አውልቆ ፊት ለፊቱ ዘረጋና ሲውለበለብ አየው። መንገደኛውን ጠራ፤ ሐጂ ኸሊልን ጠራ። በጠፋ ሞተር እኮ ነው፣ ወንድሜ ነው የሠራው እያለ ለእያንዳንዱ እንደገና አስዞረው።

ዳኛው ያን ዕለት ለወንድሙ የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አያ የሻው፣ ሳያስፈልግ አታብራው፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል።»

«ገብቶኛል» አለ የሻው።

ዳኛው መቼ መቼ እንደሚያበራው ሊጠይቀው አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ሰው ከቧቸዋል። ያሳደገውን ታላቁን በሰው ፊት እንደ ተማሪ ‹መልስ› ማለት ከበደው። ጥያቄውን ዋጠው።

ሐጂ ኸሊል ከቀትር በኋላ መጣ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ነበር። ከሴቶቹ በኩል አልቃሿ፣ ወንድሙ ነፋስ ሠርቶ ስለሰጠው ሾፌር ሙሾ ታወርድ ነበር። የሟች ሚስት ባንቺአየሁ ድምፅዋ አልቆ በዝምታ ትወዛወዛለች። ኸሊል ሽማግሌውን አባት፣ አያ ወልደ ዮሐንስን፣ አቅፎ አለቀሰ። ሲወጣ ዳኛው አጥሩ ሥር ጠበቀው።

«ሐጂ፣ የቱ ሽቦ ነው የተቃጠለው?»

ኸሊል ግራ ገባው። «የምን ሽቦ? ማራገቢያው ደህና ነው። ትናንት ሌላ ሾፌር አምጥቼ ስናስወጣት ደባርቅ እስክንደርስ ሲዞር ነበር።»

«ታዲያ ምነው ፈላች?»

ኸሊል ወደ ዳሱ አየ፤ ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «አጥፍቶት ነበር። ዛሪማን አልፈን ሜዳ ሜዳውን አብርቶት መጣ፤ ዳገቱን ስንጀምር አጠፋው። ምነው አልሁት። ‹ዳገት በያዘ ከብት ላይ ሥራ አይጨመርበትም ሐጂ፤ አናቱ ላይ ስንደርስ አበራላታለሁ› አለኝ። እኔስ ምን አውቃለሁ? የመንገዱ ጥምዝ ላይ ፈላች። አፍንጫዋ ወደ ገደሉ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን በጋቢው ይዞ ሲፈታው እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ወደ ኋላ ሸሸ። ከኋላው መሬት አልነበረም።»

ዳኛው ወደ ዳሱ ዞረ።

«አንተ የለህበትም» አለ ኸሊል ትከሻውን ይዞ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ ሥራህ ሸጋ ነበር። ግን ለሽማግሌው አትንገራቸው። ልጃቸው በገዛ እጁ እንደሞተ ከሚሰሙ የመጣው ይምጣ፣ ማኪናዋ ናት የገደለችው ይበሉ።»

ሦስት ቀን ሲፈልገው የቆየው የላላ ሽቦ የለም። ሊቀልለው ይገባ ነበር። የሚሰማው ግን ያ «ገብቶኛል» ነው፣ የሻው ነጠላውን ትከሻው ላይ እየመለሰ፣ ፊቱ በርቶ ያለው።

ዳሱን አቋርጦ ገባ። ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉት። አባቱ ፊት ተንበረከከ።

«አባዬ፣ ማራገቢያው አልተበላሸም። ዳገቱ ላይ አጥፍቶት ነው። ማኪናዋን ያሳረፈ መስሎት ነው። ዳገት ላይ ነው የሚበራው ብዬ አልነገርሁትም። ልጠይቀው ነበር፤ አፈርሁ። ታላቄን መጠየቅ አፈርሁ።»

ምሰሶውን የተደገፈው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። አያ ወልደ ዮሐንስ መንገዱ ሳይሠራ በፊት ያንን ዳገት በእግራቸው ስንት ጊዜ እንደወጡት እሳቸውም አያውቁትም።

«ዳገቱ ሲጀምር ነው ያጠፋው?»

«አዎ።»

«ከምንጩ ከፍ ብሎ» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። «እዚያ ጋ ነው ከደከመችው በቅሎ ላይ ጭነት የማወርደው። በአሥር ዓመቱ ነው ያሳየሁት። እኔም ብሆን አጠፋው ነበር።»

ከበሩ የለቅሶ ጩኸት ተሰማ፤ ከጠዳ የሚመጡት ዘመዶች ገና መድረሳቸው ነበር። ዳኛው ሊነሳላቸው ሲል ሽማግሌው ያዙት። ስበው ከጎናቸው፣ ከሰሌኑ ላይ አስቀመጡት። እንግዶቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ እግዜር ያጥናዎ አሏቸው። አያ ወልደ ዮሐንስ በአንገታቸው ብቻ መለሱ፤ ሁለቱም እጆቻቸው የዳኛውን እጅ ይዘው ነበር።